የቅዳሜው የጤና ሳይኮሎጂ ኮርስ፣ ተምሬው ያየሁትን ልንገራችሁ

ጎንደር ያላችሁ ልጆች፣ ኮርሱን ልውሰድ ወይስ ይቅርብኝ እያላችሁ ለምትጠይቁኝ ባንዴ ልመልስ። እኔ ነርስ ነኝ፣ ሙሉ ሴሚስተር ተምሬያለሁ፣ የሌሊት ተረኛ ሆኜ ያደርኩ ቀን እንኳ ከአዘዞ ታክሲ ይዤ ቀጥታ ክፍል ነበር የምገባው።

ፕሮፍ ስላይድ አንብቦ የሚወጣ ሰው አይደለም። መጀመሪያ ቀን ገና እንደገባ «ቤታችሁ መድሃኒቱን በአግባቡ የማይወስድ ሰው ያላችሁ እጅ አውጡ» አለን፣ ክፍሉ በሙሉ ማለት ይቻላል አወጣ። ታዲያ ምን ትሉታላችሁ ሲለን ያው ሁላችንም እንቆጣለን፣ እናስፈራራለን። ሴሚስተሩን ሙሉ የተማርነው እዚችው ላይ ነው፣ ሰው እንዲድንልን ስንፈልግ እንዴት እናናግረው የሚለው።

ጥናት ሲያስረዳ ታሪክ አርጎ ነው። ኦሃዮ ውስጥ የተሰራውን፣ በፈረንጆቹ 2005 የወጣውን መቼም አልረሳውም። 42 ባልና ሚስት ክንዳቸው ላይ ትንንሽ ቁስል ተደርጎባቸው አንዴ እየተደጋገፉ እንዲያወሩ፣ ሌላ ጊዜ የሚያጣላቸውን ነገር እንዲያነሱ ተደረገ፣ ከጭቅጭቁ በኋላ ቁስሉ ዘግይቶ ነው የዳነው፣ ክፉ ክፉ የሚነጋገሩት ጥንዶች ቁስል ደሞ የሚድንበት ፍጥነት ከሌሎቹ 60 ፐርሰንቱ ብቻ ነበር። ቁስል ሲያጥብና ሲያሽግ ለሚውል ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ሰኞ ስራ ስገባ ምሳ ዕቃ ይዘው አልጋ ስር የሚቀመጡትን አስታማሚዎች መድሃኒት እንደያዘ ሰው ነው ያየኋቸው። 148 ጥናቶችን የደመረውንም የ2010 ስራ አስተምሮናል፣ ከ300 ሺ በላይ ሰው ያለበት ነው፣ ጥሩ ግንኙነት ያለው ሰው በህይወት የመቆየት ዕድሉ በ50 ፐርሰንት ይበልጣል። ግን እድርና ጽዋ ማህበር አለን ብለን እንዳንዘናጋ አረቄውን የሚጋብዝህም ያው ወዳጅህ ነው አለን።

እኔን የለወጠኝ ግን «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ ማቀድ ነው፣ ጎልዊትዘር የሚባል የሳይኮሎጂ ተመራማሪ ዘዴ። እማዬ ስንት ዓመት የግፊት ክኒኗን ስትዘል እኔ ስጮህባት ነው የኖርነው። መጮሁን ትቼ «እማዬ ጠዋት ጠዋት መቼም የማትረሺው ምንድነው?» አልኳት። «ቡናዬን ነዋ ልጄ» አለችኝ። ክኒኑን ከረከቦቱ አጠገብ አስቀመጥነው፣ ጀበናው ሲጣድ ክኒኗን በውሃ ትውጣለች። በወር አንድ ቀን ብቻ ዘለለች፣ እሱም ለቅሶ ቤት ሄዳ እዛው ቡና የጠጣች ቀን ነው። ልማድ ለመያዝ 21 ቀን ይበቃል የሚባለውን እንዳታምኑ ደሞ፣ ባስተማረን አንድ ጥናት በአማካይ 66 ቀን ፈጅቷል፣ አንዳንዱን 18 አንዳንዱን 254።

ቅር ያለኝም አለ። ሃንድአውቱ የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ሆኖ አይነበብም፣ አሳይመንት ታርሞ የሚመለሰው ፈተና ካለፈ በኋላ ነው። ጥናቶቹም አብዛኞቹ የአሜሪካ ናቸው፣ በ1947 ዓ.ም የጤና ኮሌጅ የተከፈተባት ከተማ ተቀምጠን ስለ ራሳችን አስታማሚ፣ ስለ ራሳችን ባልና ሚስት የበለጠ መማር ነበረብን። ፕሮፍ ራሱ የሚያጠናው ከባልና ሚስት አንዱን ስኳር ሲይዘው ሌላው ቤት ውስጥ እንዴት ይሆናል የሚለውን ስለሆነ ያንን በሰፊው እንዲያስተምረን ነበር የምፈልገው፣ አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው የሰጠው።

ለጤና ባለሙያ፣ ቤቱ ታማሚ ላለው ሰው፣ ውሰዱት እላለሁ። የፕሮፍ ድምፅ ዝቅ ያለ ስለሆነ በጊዜ ገብታችሁ ፊት ወንበር ያዙ።