ስድስት ሺህ ብሬን ውሃ በላው፦ «አራት ቀለም» የምትባለዋን እንዳትገዙ

ጎንደር ያላችሁ፣ በተለይ ቤታችሁ ወይም ካፌያችሁ ውስጥ አኳሪየም ያላችሁ ሰዎች፣ ይህን ሳታነቡ ለማንም ብር እንዳትልኩ።

ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ጁስ ቤት አለኝ። ጥግ ላይ ወርቃማ ዓሦች ያሉበት አኳሪየም አስቀምጫለሁ። ልጆች እሱን እያዩ ጁሳቸውን ይጨርሱልኛል። ከሦስት ሳምንት በፊት ቴሌግራም ላይ አንድ ፎቶ አየሁ። ጣት የምታህል ፍጥረት ናት። ጀርባዋ ላይ ጥቁር፣ ሰማያዊና ነጭ መስመር ተጋድሟል፤ ዳር ዳሯ ብርቱካናማ ነው። «አራት ቀለም፣ የቀይ ባሕር ጌጥ» ይላል። ደወልኩ። ሰውዬው ምላሱ ጤፍ ይቆላል።

«ወንድሜ፣ ይቺ ምግብ አትጠይቅህም። የመስታወቱን አረንጓዴ እየላሰች ታጸዳልሃለች። የቧንቧ ውሃ ይበቃታል፣ አምስት ዓመት ትኖራለች» አለኝ። ዋጋው ስድስት ሺህ ብር ነው፤ ያውም ቀድሞ የሚከፈል። ላኩ።

በአውቶቡስ፣ ውሃ በተሞላ ፌስታል መጣች። እውነቱን ለመናገር ፎቶው አልዋሸም። ጭንቅላቷ ላይ ሁለት ቀንድ፣ ከኋላዋ ደግሞ እንደ አበባ የተበተነ ነገር አላት። የምትተነፍሰው በእሱ ነው። አኳሪየሙ ውስጥ ለቀቅኳት። መጀመሪያ ተኮማተረች፣ ቆይታ አበጠች። ማታ ቤት ልዘጋ ስል ተልፈስፍሳ ታች ወድቃለች።

ስደውልለት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አንተ ነህ የገደልካት! ልዩ ጨው አለ። ሁለት ሺህ ጨምርና ወንድና ሴት አድርጌ ልላክልህ፣ ይራቡልሃል።» ስለ ጨው ያን ጊዜ ገና መስማቴ ነው።

ደግነቱ የእህቴ ልጅ ባዮሎጂ ይማራል። ሳጫውተው ሳቀብኝ። ከዚያ ፎቶውን አይቶ ነገሩን አፍታታልኝ። እንስሳዋ ዓሣ አይደለችም። ዛጎል የሌላት የባሕር ቀንድ አውጣ ናት፤ ኑዲብራንች ይሏቸዋል። ከ3,000 በላይ ዓይነት አላቸው፣ ሁሉም የባሕር ናቸው። የቀይ ባሕር ውሃ በሊትር 40 ግራም ገደማ ጨው አለው። ንጹህ ውሃ ውስጥ ስትገባ ውሃው ወደ ሰውነቷ ይሰርግና ታብጣለች። የኔዋ የሞተችው እንዲያ ነው። (ቧንቧችን በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ለዚህ ብዬ ነበር በጄሪካን ውሃ ያስቀዳሁት!)

«እሺ ጨው ብገዛስ?» አልኩት። የገበታ ጨው በጥብጦ ባሕር ማድረግ አይቻልም አለኝ፤ የባሕር ውሃ ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ሌላም ሌላም አለበት። እሱን ብታሟሉ እንኳ በረሃብ ትሞትባችኋለች። አረንጓዴ የሚባል ነገር አትልስም። ምግቧ ስፖንጅ ነው፤ የዕቃ ማጠቢያው ሳይሆን ባሕር ውስጥ የሚበቅለው እንስሳ። ያውም መርዛማ የሆነ ቀይ ስፖንጅ ነው፤ ጭማቂው አኳሪየም ውስጥ ቢጨመቅ ዓሦችን በደቂቃዎች ይፈጃል። እሷ ግን ትበላውና መርዙን ሰውነቷ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ያ እኔን ያማለለኝ ቀለም ለካ ለባሕር ዓሦች «አትንኩኝ» ማለቷ ነው። ወርቃማዎቼ መትረፋቸው ገረመኝ።

«ወንድና ሴት» ያለውም ውሸት ነው። እያንዳንዷ ወንድም ሴትም ናት። አምስት ዓመቱማ ይቅር፤ አብዛኞቹ ዓመት መድፈናቸውም ያጠራጥራል።

የሚገርመው፣ ይህችን ቀንድ አውጣ እ.ኤ.አ. በ1830 ገደማ ለሳይንስ ካስተዋወቁት ሁለት ሰዎች አንዱ ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ ነው። እሱ ሰውዬ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እዚሁ ጎንደር መጥቶ ወራት ተቀምጧል። በፌስታል ይዟት የመጣ ግን አይመስለኝም።

ሻጩ አሁን ስልኬን አያነሳም። ስሙን ቀይሮ ያንኑ ፎቶ እየለጠፈ ነው። ፎቶውን ካያችሁት «ምን ትበላለች?» ብላችሁ ብቻ ጠይቁት። «ምንም» ካለ ያው የኔው ሰውዬ ነው፤ ስልኩን ዝጉበት። ፌስታሉን ይዛችሁ ከመናኸሪያ የተመለሳችሁ ካላችሁ ደግሞ ከሌሎች ዓሦቻችሁ ጋር እንዳትቀላቅሏት። ደረሰኝ ወይም የላካችሁበት መልእክት ካለ አታጥፉት። እኔ የኔን ይዤ ሰኞ ለማመልከት እሄዳለሁ፤ አብሮኝ የሚሄድ ካለ ጁስ ቤት ብቅ ይበል።