የሁለት ቀን የታዳጊዎች ምዘና በደሴ፦ ጨዋታው ላይ ያለው ዓይን ጥሩ ነው፣ ሰዓቱና ዕድሜው ግን አይታመኑም

ደሴ ውስጥ የግል አሰልጣኞች ተባብረው የሚያካሂዱት የሁለት ቀን የታዳጊ እግር ኳስ ተጫዋቾች ምዘና ለ15 እና ለ16 ዓመት ልጅ ቢከፈልበት አያስቆጭም። ለ13 እና ለ14 ዓመት ልጅ ግን አሁን ባለበት ሁኔታ አንመክረውም። በዚያ ዕድሜ የሚሰጠው ነጥብ ልጁ ቀድሞ ማደጉን ይናገራል እንጂ ኳስ መቻሉን አይናገርም።

ክፍያው 600 ብር ነው። ውኃና የሁለት ቀን ምሳ ይጨምራል፤ ትራንስፖርት አይጨምርም። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ምዝገባ፣ ቁመትና ክብደት፣ ከዚያ የ30 ሜትር ፍጥነትና የዮዮ የጽናት ፈተና (በድምፅ ምልክት፣ ፍጥነት እየጨመሩ 20 ሜትር መመላለስ) ይሰጣል። ከሰዓት በኋላ የኳስ ቁጥጥርና የቅብብል ልምምድ አለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ 4 ሰዓት ግድም፣ ሙሉ ቀኑ ለጨዋታ ይተዋል። በመጨረሻ እያንዳንዱ ልጅ አራት ገጽ ወረቀት ይዞ ይሄዳል፤ ደረጃውም ሀ፣ ለ ወይም ሐ ተብሎ ይጻፋል።

አዘጋጆቹ አሰራሩን የቀዳነው ከሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ፣ ከኤንኤችኤል ድራፍት ነው ይላሉ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። እዚያ 32 ቡድኖች በ7 ዙር 224 ወጣቶችን በየተራ ይመርጣሉ። ሊጉ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሱ የምልመላ ክፍል አለው፤ ክፍሉ በውድድር ዓመቱ መጀመሪያ ልጆቹን በፊደል ይመድባል፣ መሃል ላይ አንድ ጊዜ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሌላ ጊዜ በቁጥር ደረጃ ያወጣላቸዋል። ከድራፍቱ በፊት በሚደረገው የአካል ብቃት ምዘና ልጆቹ በማይንቀሳቀስ ብስክሌት ላይ ለ30 ሰከንድ ያለ የሌለ ኃይላቸውን ያወጣሉ፣ ይዘላሉ፣ የጭብጣቸው ጉልበት ይለካል። በረዶ ላይ ግን አይወጡም። በረዶ ላይ የሚያደርጉትን መልማዮች ዓመቱን ሙሉ፣ በየከተማው እየዞሩ፣ በውድድር ጨዋታ ሲያዩት ከርመዋል። የብቃት ምዘናው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ለማረጋገጫ። የደሴው ምዘና ከዚህ ሁሉ ጅራቱን ይዞ ራሱን ትቶታል፤ ልጁን ከዚያ ቅዳሜ በፊት ያየው የለም፣ ከእሑድ በኋላም የሚያየው የለም።

ያ ሁሉ ክትትል እያለ እንኳ የበረዶ ሆኪ መልማዮች ይስታሉ። በ1998 እ.ኤ.አ. ፓቬል ዳትሲዩክ የተመረጠው 171ኛ ሆኖ ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ሄንሪክ ዜተርበርግ 210ኛ። ሁለቱም የዘመናቸው ታላላቅ ተጫዋቾች ሆነዋል። ማርቲን ሴንት ሉዊ ቁመቱ 1 ሜትር ከ73 ያህል ስለነበር በድራፍቱ ጭራሽ የመረጠው አልነበረም፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ግን የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸልሟል። እንግዲህ በሁለት ቀን ምዘና ሐ ያገኘ ልጅ ወላጅ ወረቀቱን እንዴት ማንበብ እንዳለበት ከዚህ መገመት ይቻላል።

ትልቁ ችግር ዕድሜው ላይ ነው። የምዝገባው ቅጽ «ዕድሜ» ብሎ አንዲት ባዶ ቦታ ትቷል፤ ልጁ «15» ብሎ ይሞላል፣ አለቀ። ወርና ቀን የሚጠይቅ የለም። የታዳጊዎች ዓለም አቀፍ ውድድር የዕድሜ ወሰን የሚቆረጠው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ነው፤ በእኛ ታህሳስ 23፣ ከጳጉሜ 6 ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት ደግሞ ታህሳስ 22። ስለዚህ ኅዳር 2002 የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ የ2009 ልጅ ነው፤ ጥር 2002 የተወለደው የ2010 ነው። በሁለት ወር የሚበላለጡ ልጆች፣ በእኛ አቆጣጠር የአንድ ዓመት ልጆች፣ ውድድር ላይ በተለያየ ቡድን ይገባሉ። የኅዳሩ ልጅ ከምድቡ መጨረሻ ትንሹ ይሆናል፤ ጥር የተወለደው ከምድቡ ትልቁ።

ስህተቱ በብዛት የሚገባው የልደት ዓመቱ ወደ ፈረንጆቹ ሲቀየር ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታህሳስ 22 (ከጳጉሜ 6 ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት እስከ 21) የተወለደ ልጅ 7 ይደመርለታል፤ ከዚያ ወዲህ የተወለደ 8። ብዙ ሰው ለሁሉም 8 ይደምራል። ያኔ የኅዳር 2002ቱ ልጅ በወረቀት የ2010 ይሆንና በአንድ ዓመት ያንሳል። ማንም ሊያታልል አላሰበም፤ ነገር ግን ልጁ ክለብ ሲሄድ የልደት ምስክር ወረቀቱና የምዘናው ወረቀት አይገጥሙም፣ «ዕድሜ ቀንሷል» ይባላል። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፊፋ የ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓ አጥንት እድገት በኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በማግኔት በሚያነሳ መሣሪያ) የሚታየው ይሄው የዕድሜ ጣጣ በየአገሩ ስላለ ነው። ለደሴው ምዘና ኤምአርአይ አያስፈልገውም። ቀን፣ ወርና ዓመት በእኛ አቆጣጠር ይጻፍ፤ ልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ወይም የክትባት ካርድ ይዞ ይምጣ፤ ቅየራውን አንድ ሰው ብቻ ይሥራው።

ወሩ ለምን ይህን ያህል እንደሚያስጨንቅ መጀመሪያ በግልጽ የታየው በዚያው በበረዶ ሆኪ ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. ካናዳውያን ተመራማሪዎች የተጫዋቾችን የልደት ወር ሲቆጥሩ በፈረንጆቹ ዓመት መጀመሪያ ወራት የተወለዱት እጅግ በዝተው አገኙ። በልጅነት አሥር ወር የሚበልጥ ልጅ ይፈጥናል፣ ይገፋል፣ ይመረጣል፣ የተሻለ አሰልጣኝ ያገኛል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የኤንኤችኤል ቡድኖች በዓመቱ መጨረሻ የተወለዱትን ከሚገባቸው ወደ ኋላ ጥለው እንደሚመርጧቸው አሳይቷል፤ እነዚያ ልጆች በኋላ ከተመረጡበት ተራ የሚጠበቀውን አልፈው ሄደዋል። የደሴው ወረቀት ላይ የልደት ወር ቢጻፍ ኖሮ ከሀዎቹ መካከል ስንቱ ከጥር እስከ ሚያዝያ የተወለደ እንደሆነ በአንድ ዓይን ይታይ ነበር።

ከልደት ወር ሌላ የእድገት ደረጃ አለ። ወንድ ልጅ ቁመቱ በፍጥነት የሚመዘዘው በአማካይ 14 ዓመት ግድም ነው፤ አንዱ በ12 ይጀምራል፣ ሌላው እስከ 16 ይቆያል። በዚያ ወቅት እግሩ ቀድሞ ያድግና ልጁ ለወራት እርምጃው ይጠፋዋል፤ ከጉልበቱ ሎሚ በታች የሚያመው ልጅም ሞልቷል። በዚያ ሰሞን የተመዘነ ልጅ ሰነፍ ይመስላል። ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የእንጨት ሳጥን፣ ግድግዳና ሜትር ነው። ጫማ አውልቆ ቆሞ ይለካል፤ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ጀርባውን አስደግፎ ይለካል፣ 40 ይቀነሳል። የአባትና የእናት ቁመት ይጠየቃል። ከዚህ ተነስቶ ልጁ ከሚደርስበት ቁመት ስንት በመቶው ላይ እንደቆመ መገመት ይቻላል። ለአንድ ልጅ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። የደሴው ምዘና ቁመት የለካው ልጆቹ ታኬታ እንዳደረጉ ነው።

የ30 ሜትሩ ሩጫ በፊሽካ ተነስቶ በአንድ ሰው ሰዓት ይያዛል፤ ውጤቱ 4.51፣ 4.53 እየተባለ እስከ ሁለት ነጥብ ይታተማል። ይህ ቁጥር አይታመንም። ሰዓት ያዡ መድረሻው ላይ ቆሞ የፊሽካውን ድምፅ ሲጠብቅ፣ ድምፁ 30 ሜትር ለመድረስ ብቻ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ የማይርቅ ጊዜ ይወስዳል፤ የጣቱ መዘግየት ይጨመርበታል፤ ልጁ ፊሽካውን ሰምቶ የሚነሳበት ጊዜም ተደምሮ «ፍጥነት» ይባላል። በምድቡ ካሉት ልጆች ግማሾቹ በ0.2 ሰከንድ ውስጥ ተደራርበው ሳለ በዚህ ሰዓት ተራ ማውጣት ዕጣ እንደ መጣል ነው። መፍትሔው ኪስ ውስጥ አለ። በሰከንድ 240 ምስል የሚቀርጽ ስልክ ከ15 ሜትሩ ምልክት ትይዩ፣ ከመሮጫው 30 ሜትር ያህል ርቆ፣ መነሻውም መድረሻውም በአንድ ምስል እንዲገቡ ይተከል። ችካሎቹ ልጁ በሚሮጥበት መስመር ላይ ይሁኑ፤ ወደ ጎን ከራቁ ካሜራው በሰያፍ ስለሚያያቸው ርቀቱን ይዋሻል። ልጁ ሲፈልግ ይነሳ፣ ፊሽካ አያስፈልግም። ደረቱ ከመነሻው ካለፈበት ምስል ደረቱ መድረሻውን እስካለፈበት ምስል ተቆጥሮ ለ240 ይካፈላል። ሦስት ጊዜ ይሩጥ፣ መካከለኛው ይያዝ።

ዮዮው በተሻለ ጥንቃቄ ተሠርቷል። 20 ሜትሩ በሜትር ተለክቷል፣ የ5 ሜትሩ የማረፊያ ቦታ በኮን ተለይቷል፣ ሁለት ጊዜ የዘገየ ልጅ ያለ ክርክር ይወጣል። ችግሩ ከፍታው ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ከሚሴ፣ ባቲና ቆቦ ከዚያም ዝቅ ይላሉ። በማለዳ ሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ የመጣ የኮምቦልቻ ልጅ በዚያው ጠዋት ደሴ ላይ ከጦሳ ተራራ ሥር ካደገ ልጅ ጋር እኩል ሲመላለስ ትንፋሹ ቀድሞ ያጥረዋል፤ አጭሩ የ30 ሜትር ሩጫ ግን ብዙም አይጎዳበትም። ወረቀቱ ሁሉንም በአንድ ተራ ደርድሯል። የመጣበት ከተማ ከስሙ ጎን ቢጻፍ፣ የቆላው ልጅ ከቆላው ጋር ቢነጻጸር ይበቃል።

አሁን ወደ እሑዱ። ይህ ክፍል ብቻውን 600 ብሩን ያወጣል። ልጆቹ አራት ለአራት፣ 30 በ20 ሜትር በሆነ ሜዳ፣ በአራት አራት ደቂቃ ይጫወታሉ፤ በየዙሩ ቡድኑ ይበተንና በዕጣ እንደገና ይዋቀራል። ነጥቡ የሚያዘው በልጅ ነው፤ ያሸነፈ ቡድን ውስጥ የነበረ ሁሉ 3፣ አቻ የወጣ 1። ስድስት ዙር ሲያልቅ ከማንም ጋር ቢመደብ ቡድኑ የሚያሸንፍለት ልጅ ከላይ ይወጣል። ጉልበት ብቻ ያለው ልጅ በዚህ አሠራር ብዙ አይደበቅም፣ ሜዳው ጠባብ ነውና።

መዛኞቹ የሚመዘግቡትም ትክክለኛውን ነው። ኳስ ከመድረሱ በፊት ልጁ ስንት ጊዜ ትከሻውን አዙሮ ኋላውን እንዳየ ይቆጥራሉ። የመጀመሪያ ንክኪው ወደ ፊት ነው ወይስ ወደ መጣበት? ኳስ ከተቀማ በኋላ ባሉት አምስት ሰከንዶች ምን ያደርጋል? ማልያ 17 ለብሶ የነበረው ቀጭን ልጅ ቅዳሜ በፍጥነት ከመጨረሻዎቹ ነበር፤ እሑድ ግን ኳስ ሳይመጣለት ሁለት ጊዜ ዞሮ ያያል፣ ሰውነቱን ከፍቶ በሩቁ እግር ይቀበላል፣ ጠላፊው ሲደርስ ኳሱ ሄዷል። ከስድስት ዙር በአምስቱ ባሸነፈው ቡድን ውስጥ ነበር። ወረቀቱ ግን ቅዳሜና እሑድን እኩል ግማሽ ግማሽ ስለሚይዝ «ለ» ሰጥቶታል። እኛ ብንሆን ለጨዋታው ቢያንስ ሦስት አራተኛውን እንሰጣለን፤ የአካል ብቃቱን ለማስታወሻ እንይዛለን።

አንድ ነገር ይታረም፦ ሁለቱ መዛኞች ጎን ለጎን ቆመው በየዙሩ መሃል ያወራሉ። ካወሩ ሁለት ዓይን መሆኑ ቀረ፤ ቀድሞ የተናገረው ሰው ነጥብ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። በሜዳው ሁለት ጫፍ ይቁሙ፣ ወረቀታቸውን ሳያስረክቡ አይነጋገሩ። የልጁን ስም አይወቁ፣ የማልያ ቁጥር ይበቃቸዋል።

ግብ ጠባቂዎችን ለሚልክ ወላጅ፦ አሁን አትላኩ። ከሜዳ ተጫዋቾች ጋር አንድ ተራ ላይ ተሰልፈው በዮዮ ተመዝነዋል። የበረዶ ሆኪው ምልመላ ግብ ጠባቂዎችን ለብቻ የሚደረድረው ሥራቸው ሌላ ስለሆነና ዘግይተው ስለሚበስሉ ነው፤ ሄንሪክ ሉንድክቪስት በ2000 እ.ኤ.አ. 205ኛ ተመርጦ ለዓመታት ከሊጉ ምርጦች አንዱ ነበር። ሲቀዳ መተው ያልነበረበት ይህ ነበር።

ወረቀቱ ራሱ በንጹሕ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ «ጎበዝ ነው፣ ይበርታ» የሚል ባዶ ቃል የለበትም። «በግራ እግሩ አይቀበልም፤ በቀን 10 ደቂቃ ከግድግዳ ጋር» ብሎ ሥራ ይሰጣል። ይህን የሚያደርግ ምዘና በአካባቢያችን ብዙ የለም። ወልድያ ላይ ከጥር 2009 ጀምሮ 25 ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ ስታዲየም አለን፤ እዚያ የሚጫወተውን ልጅ በጽሑፍ የሚከታተል ሰው ግን ብርቅ ነው።

ለምትሄዱ፦ ረመዳን ላይ ከወደቀ ቀኑን እንዲያዘዋውሩ ጠይቁ፤ የሚጾም ልጅ ውኃ ሳይጠጣ ዮዮ መግባት የለበትም። በክረምትም አይሁን፤ ጭቃው የታኬታ ጥራት ይለካል እንጂ ልጅ አይለካም። ልጁ ከቆላ የሚመጣ ከሆነ ዓርብ ማታ ደሴ ይደር። የቁመቱን ልክ ጫማ አውልቆ ቤት ውስጥ በየሦስት ወሩ በር መቃን ላይ ምልክት አድርጉ፣ ቀኑንም ጻፉ፤ ምዝገባው ላይ ያንን ስጧቸው። ወረቀቱን ስትቀበሉ የቅዳሜውንና የእሑዱን ነጥብ ለየብቻ እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ፤ ሲጠየቁ ይሰጣሉ።