የሚኒባስ ብድሬና 48ኛው ወር

ከደሴ ኮምቦልቻ የምትሠራ ሚኒባስ ልገዛ ብዬ ከአንድ አበዳሪ 1 ሚሊዮን ብር ወሰድኩ፣ ስሙን ልተወው። ወለዱ በዓመት 18 በመቶ፣ ጊዜው 48 ወር። መስተንግዷቸው ጥሩ ነው፣ ወረቀቱም ቶሎ አለቀ። በተለመደው ብድር በወር 29,375 ብር ነበር የምከፍለው፣ እነሱ ግን 23,625 አሉኝ። ደስ አለኛ!

ነገሩ ባሉን የሚሉት ነው። ከተበደርኩት ውስጥ 400 ሺው ብር በየወሩ ክፍያ አይነካም፣ መጨረሻ ላይ በአንዴ ይጠየቃል። «ያኔ ከየት አመጣለሁ?» ስለው ያስተናገደኝ ልጅ «አብሽር ጋሼ፣ ያኔ መኪናዋን ሸጠው ይከፍላሉ» አለኝ። ወሎዬ ደግሞ አብሽር ከተባለ አለቀ፣ ፈረምኩ።

ቤት ገብቼ ነው የደመርኩት። ያ ያልተነካ 400 ሺህ 48 ወር ሙሉ ወለድ ሲቆጥር ይከርማል፣ ስለዚህ በጠቅላላ የምከፍለው 1,534,000 ብር ሲሆን በተለመደው ግን 1,410,000 ነበር። 124 ሺህ ብር በከንቱ! በወር የቀለለችኝን 5,750 ብር ሳልነካ ባስቀምጣት እንኳ 276 ሺህ ነው የምትሆነው፣ 400 ሺውን አትሞላም። መኪናዋስ? የሀረጎን ቁልቁለት አራት ዓመት ወጥታ ወርዳ፣ የፍሬን ሸራ ስትበላ ኖራ፣ ስንት እንደምታወጣ ማን ያውቃል።

የክፍያ ሠንጠረዡን ከፈረምኩ በኋላ ነው የሰጡኝ፣ እሱም ለምኜ። እናንተ ሳትፈርሙ ጠይቁ። እኔ እቁብ ገብቻለሁ፣ ዕጣዬን እየጠበቅኩ ነው።