ከስፋቱ በፊት ጥቁሩ፦ ለስክሪን ኅትመት ፊልም የሚሆን ኢንክጄት ፕሪንተር አመራረጥ

በስክሪን ኅትመት የሚተዳደር ሰው ገንዘቡን አስቀድሞ የሚያወጣው ደንበኛ በሚያያቸው ዕቃዎች ላይ ነው፤ ባለብዙ ክንድ ማተሚያ ጠረጴዛ፣ ማድረቂያ፣ ጥሩ የጨርቅ ቀለም ይገዛል። ፊልሙን፣ ማለትም ምስሉ በጥቁር የታተመበትንና ስክሪኑ የሚቀረጽበትን ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ፣ የሚያወጣው ፕሪንተር ግን ጥግ ይዞ የሚቀመጥ በመሆኑ፣ ብዙ ጊዜ የሚገዛው በተረፈው ገንዘብ ነው። እኛም አዲስ አበባ ውስጥ ባለችው አነስተኛ የቲሸርትና የጨርቅ ቦርሳ ማተሚያችን እንዲሁ አድርገን ነበር፤ ከዚያ በኋላ የተማርነውን ነው አሁን የምጽፈው። የማነጻጽራቸው ሦስት የኤፕሰን ማሽኖች ናቸው፤ ኤ3 ፕላስ የሚያትመው ኤል 1800 ከተከታዩ ኤል 18050 ጋር፣ ባለ 17 ኢንቹ ሹርከለር ፒ 800 እና ባለ 24 ኢንቹ ሹርከለር ቲ 3170። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር፣ በገበያ ላይ ሻጩም ገዢውም የሚጠያየቁት ስለ ስፋት ቢሆንም፣ ፊልም የሚያወጣ ፕሪንተር መጀመሪያ ሊመዘን የሚገባው በሚያወጣው ጥቁር ነው።

ምክንያቱ ከብርሃኑ ይጀምራል። ስክሪኑ ላይ የምንቀባው ኢሙልሽን የሚባል ብርሃን የሚያጠነክረው ፈሳሽ የሚጠነክረው በዋናነት ከ350 እስከ 420 ናኖሜትር አካባቢ ባለው የአልትራቫዮሌትና የሰማያዊ ብርሃን ነው፤ የፊልሙ ጥቁር ሥራም ይህን ብርሃን ማገድ ብቻ ነው፤ ጥቁሩ የሸፈነው ኢሙልሽን ሳይጠነክር ቀርቶ በውኃ ይታጠባል፣ የጨርቁ ቀለምም የሚያልፈው በዚያ ክፍተት ነው። የማገድ ኃይሉ ዴንሲቲ በሚባል መጠን ይለካል። ዴንሲቲው 2 ከሆነ ከመቶ አንድ እጅ ብርሃን ያልፋል፤ 3 ከሆነ ከሺህ አንድ፣ 4 ከሆነ ደግሞ ከ10,000 አንድ ብቻ። ከመቶ አንዱ እጅ ትንሽ ቢመስልም፣ ኢሙልሽኑ በደንብ እስኪጠነክር በምንጠብቅበት ጊዜ ከጥቁሩ ሥር ያለው ክፍልም ቀስ በቀስ መጠንከር ይጀምራል፤ ከዚያ ስክሪኑ በውኃ ሲታጠብ ምስሉ አልከፈት ይላል። አታሚውም ችግሩን ለመሸሽ የብርሃኑን ጊዜ ይቀንሳል። ጊዜው ሲቀንስ ምስሉ ይከፈታል፣ ነገር ግን የቀረው ኢሙልሽን ጥሬ ስለሆነ ከውስጥ በኩል ይሙለጨለጫል፣ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ ያወጣል፣ ሥራው እኩሌታ ላይ ሳይደርስም ይላጣል። ብዙ ባለሙያ ኢሙልሽኑን እየወቀሰ ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ሲቀያይር አይቻለሁ፤ ጥፋቱ ግን ከፊልሙ ነበር።

በእኛ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። አንድ ነጋዴ ያገለገለ ባለ 24 ኢንች ፕሪንተር ሸጠልን፤ የማሽኑንም የሻጩንም ስም አልጠቅስም። ስፋቱ አጓጉቶን ጥቁሩን ሳንፈትን ተቀበልነው። የጥምቀት ሰሞን የአንድ ደብር ወጣቶች ለጥር 11 የሚለብሱትን ቲሸርት አዘዙን፤ ከደረቱ ላይ ካለው መስቀል ሥር «ሰንበት ትምህርት ቤት» የሚል ጽሑፍ በትንንሽ ፊደል ይገባል። ፊልሙ ደካማ ስለነበር የብርሃኑን ጊዜ ቀንሰን ሠራን። የመጀመሪያዎቹን ሲረከቡ አንዲት የኮሚቴው እናት መነጽራቸውን አውጥተው ጨርቁን ወደ መስኮቱ ካቀረቡ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይኼ እኮ ‹ትምህርት ቢት› ነው የሚለው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። የ«ቤ» እግር ላይ ያለችው ቀለበት መሐሏ ክፍት ሆኖ መቅረት ሲገባው፣ በስክሪኑ ላይ ያንን ክፍተት የሚይዘው የጤፍ ፍሬ የምታህል ኢሙልሽን ስላልጠነከረ በውኃው ተጠርጎ ሄዷል፤ ቀለበቷ ተደፍና «ቢ» ሆናለች። የላቲን ፊደል የሚያትም ሰው ይህን ያህል አይቸገርም። የእኛ ኃምስና ሣልስ ግን የሚለያዩት በዚያች ቀለበት ብቻ በመሆኑ፣ የፊልሙ ጥራት ለአማርኛ የማንበብና ያለማንበብ ጉዳይ ነው። ቲሸርቶቹን በራሳችን ወጪ ደግመን አተምን።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ፕሪንተር የምፈትነው በሳንቲም ነው። ዴንሲቶሜትር ያለው ሰው በእሱ ይለካ፤ የሌለው ግን የአራት ጣት ስፋት ያለው ድፍን ጥቁር አትሞ ኢሙልሽን በተቀባ ስክሪን ላይ ያስቀምጥ፤ ከፊልሙ ትንሽ ራቅ አድርጎ ደግሞ የአንድ ብር ሳንቲም ያኑር፣ ከዚያም በሙሉው ጊዜ ለብርሃን ያጋልጥ። ሳንቲም ምንም ብርሃን አያሳልፍም። ሲታጠብ የሳንቲሙ ክብና የፊልሙ ጥቁር እኩል ፍጥነት ከተከፈቱ ፕሪንተሩ ብቁ ነው፤ ክቡ ወዲያው ተከፍቶ ጥቁሩ ካንገራገረ ብርሃን እያሳለፈ ነው። ፊልሙን ወደ ፀሐይ አንሥቶ በዓይን መፍረድ ያሳስታል፤ ለዓይን ቡናማ መስለው አልትራቫዮሌትን በሚገባ የሚያግዱ ቀለሞች አሉ፣ ለዓይን ጠቁረው የሚያሳልፉም አሉ።

ወደ ማሽኖቹ ልመለስ። ኤል 1800 ባለ ስድስት ቀለም፣ ከጠርሙስ በሚሞላ ታንክ የሚሠራ፣ እስከ 329 በ483 ሚሊሜትር ሉህ የሚቀበል ፕሪንተር ነው። እጅግ ትንሿ ጠብታው 1.5 ፒኮሊትር ስለሆነች የፊደሉ ጠርዝ ጥርት ብሎ ይወጣል። ለፊልም ሥራ ተወዳጅ ያደረገው ግን ታንኩ ነው፤ ብዙ አታሚዎች ስድስቱንም ታንክ ለፊልም ተብሎ በተዘጋጀ ጥቁር የዳይ (በፈሳሹ ውስጥ የሟሟ) ቀለም ሞልተው ከሁሉም መስመር ጥቁር እንዲረጭ ያደርጉታል። እንዲህ የተለወጠ ማሽን ተመልሶ ፎቶ አያትምም፣ ዋስትናውም ያበቃል፤ ስለዚህ ለፊልም ብቻ የሚቀመጥ መሆን አለበት። ሮል አይቀበልም፤ ሉህ በሉህ መመገብ ደግሞ ሥራ ሲበዛ ያደክማል። አዲስ የሚገዛ ሰው ተከታዩን ኤል 18050 ቢያይ ይሻላል፤ እሱም ባለ ስድስት ቀለምና ኤ3 ፕላስ ነው።

ፒ 800 በፒግመንት (የማይሟሟ ደቃቅ ብናኝ ባለበት) ቀለም የሚሠራ የፎቶ ባለሙያዎች ማሽን ነው። ኅትመቱ ያማረ፣ አካሉም ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ዘጠኝ ካርትሬጅ ተሸክሞ ለፊልም ሲውል ስምንቱ ያለ ሥራ ይቀመጣሉ፣ ሄዱ (ቀለሙን የሚረጨው ክፍል) በተጸዳ ቁጥር ግን የሁሉም ቀለም ይባክናል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የቀለም ዋጋ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ የሚያውቅ አታሚ ይህን ብክነት አይወደውም። ፎቶም ፊልምም በአንድ ማሽን ማተም ለሚፈልግ ስቱዲዮ ካልሆነ በስተቀር አልመክረውም።

ቲ 3170 ሌላ ነገር ነው። በመሠረቱ የምሕንድስና ንድፍ ማተሚያ ሲሆን፣ ባለ አራት ቀለም፣ በፒግመንት የሚሠራና እስከ 61 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ሮል የሚቀበል ነው። የጥቁር ፒግመንት መሠረቱ ካርቦን በመሆኑ አልትራቫዮሌትን በማገድ አይታማም። ትልቁ ጥቅሙ ሮሉ ነው፤ 29 ሴንቲሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት የደረት ምስሎች ጎን ለጎን ይወጣሉ፣ ባለ አራት ቀለም ሥራ ከሆነ ደግሞ አራቱም ፊልሞች በአንድ ሙቀት፣ በአንድ እርጥበት፣ በአንድ አቅጣጫ ስለሚታተሙ በማተሚያው ጠረጴዛ ላይ ሲገጣጠሙ ያለ ትግል ይገጥማሉ። ፒግመንት ከፊልሙ ላይ ረጋ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ ሳይደርቅ በጣት ከተነካ ይፋቃል፤ ዳይ ግን ወደ ፊልሙ ሽፋን ሰርጎ ይገባል። ይህንን ለሠራተኛ አስቀድሞ መንገር ነው።

ከማሽኑ እኩል ገንዘብ ሊመደብለት የሚገባው ሪፕ የሚባለው ሶፍትዌር ነው። ያለ ሪፕ ፕሪንተሩ ለወረቀት የሚበቃውን ያህል ቀለም ብቻ ይረጫል፤ ሪፕ ግን የቀለሙን መጠን ለፊልሙ እንድንወስን ይፈቅድልናል፣ ፎቶ ያለበትን ሥራም በመስመር ብዛትና በማዕዘን ወደተወሰነ ነጠብጣብ ይለውጠዋል። አኩሪፕና ፊልምሜከር ለዚህ የተሠሩ ናቸው። ነጠብጣቡን ብቻ የሚፈልግ ሰው በፎቶሾፕ ምስሉን ወደ ቢትማፕ ለውጦ ማውጣት ይችላል፤ የጥቁሩን ክብደት ግን ፎቶሾፕ አያስተካክልለትም። በሴንቲሜትር 90 ክር ባለው የስክሪን መረብ (90ቲ ሜሽ) ላይ በኢንች ከ45 እስከ 55 የነጠብጣብ መስመር በቂ ነው፤ ከዚያ የቀጠነ ነጠብጣብ ሜሹ አይዘውም።

ፊልሙ ለኢንክጄት የተዘጋጀ፣ ቀለም የሚመጥ ሽፋን ያለው ፖሊስተር መሆን አለበት። ለሌዘር የተሠራ ትራንስፓረንሲ ላይ ኢንክጄት ቀለም ይንሸራተታል። በዘይት የራሰ ወረቀት ደግሞ ለድፍን ትልልቅ ፊደል ያገለግል ይሆናል እንጂ ለቀጭን ሥራ አይሆንም። የቀለም ሽፋኑ ያለበትን ገጽ ለመለየት ጥጉን እርጥብ በሆነ ጣት መንካት ነው፤ ጣት ላይ ጣበቅ የሚለው እሱ ነው።

የአየራችን ጠባይም በምርጫው ውስጥ ይገባል። በክረምት እርጥበት ሲበዛ የታተመው ፊልም ቶሎ አይደርቅም፣ ኢሙልሽኑ ላይ ሲጫን ይጣበቃል፣ ሲነሣም ጥቁሩን ትቶ ይመጣል፤ እኛ ፊልሞቹን ከመጠቀማችን በፊት ከማድረቂያው አጠገብ ለብ ባለ አየር እናሳርፋቸዋለን። በበጋ ደግሞ ደረቁ አየር ኖዝል (ቀለም የሚረጭበትን ቀጭን ቀዳዳ) ይደፍናል፤ አንድ የተደፈነ ኖዝል በድፍን ጥቁር መሐል ፀጉር የሚያህል ነጭ መስመር ይጥላል፣ ያም መስመር ስክሪኑ ላይ ይቀራል። በየማለዳው ሥራ ኖረም አልኖረም የኖዝል ፍተሻ እናትማለን። መብራት በድንገት ሲጠፋ ሄዱ ሳይከደን ደረቅ ሆኖ እንዳይቀር ፕሪንተሩ ከዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል ከሚሰጥ ባትሪ) ጋር መገናኘት አለበት፤ ይህ በእኛ ከተማ ቅንጦት አይደለም።

ስለዚህ በሳምንት ጥቂት ሥራ የሚቀበልና ምስሉ ከ32 ሴንቲሜትር የማይሰፋ ማተሚያ ቤት ለጥቁር ብቻ የተሰናዳ ኤ3 ፕላስ ከሪፕ ጋር ይግዛ፤ የተረፈውን ገንዘብ ለፊልምና ለዩፒኤስ ያውለው። ባለብዙ ቀለም ሥራ ዕለት ዕለት የሚሠራ፣ የጨርቅ ቦርሳና ፖስተርም የሚያትም ወደ ቲ 3170 ይሂድ። እኛ ዛሬ የምንሠራው በኤል 1800 ነው፤ ትልልቁን ሥራ ቲ 3170 ወዳለው የሙያ ባልደረባችን እየላክን እናሳትማለን። ያገለገለ ማሽን ለማየት ስትሄዱ የራሳችሁን ፊልም ይዛችሁ ሂዱ፤ «ቤ»፣ «ሌ» እና «ሴ» በስምንት ነጥብ መጠን የተጻፉበትን ፋይል በፍላሽ ያዙ፤ እዚያው አሳትሙና ወደ ቤት ወስዳችሁ ከሳንቲሙ ጎን ለብርሃን አጋልጡት። ቀብድ የሚከፈለው ስክሪኑ ታጥቦ የፊደሎቹ ቀለበት ክፍት ሆኖ ከታየ በኋላ ነው።