«ፓርክ ዳር» የተባለውን ቤት ሜትር ሳትይዙ እንዳትገዙ

ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ልትገዙ የምታስቡ ካላችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ። ትንሽ ትረዝማለች፣ ታገሱኝ። ተበልቼ ነው የምጽፈው።

ማስታወቂያው እንዲህ ይላል፦ «ዘመናዊ፣ ባለ አንድ መኝታ፣ 52 ካሬ፣ መሃል ከተማ፣ ፓርክ ዳር»። ፎቶው ላይ ሳሎኑ ኳስ ያጫውታል። በመስኮቱ የሚታየው ደግሞ አረንጓዴ ብቻ ነው። ብቻዬን ነው የምኖረው፤ ከዚህ በላይ ምን ልፈልግ? ሄጄ ናሙና ቤቱን አየሁ። የሽያጭ ሠራተኛዋ ትሑት ናት። «አላስቸኩልዎትም፣ ግን በዚህ ዋጋ የቀረችው የመጨረሻዋ ቤት ናት» አለችኝ። በዚያው ቀን ከፈልኩ።

በሳምንቱ ለመጋረጃ የመስኮቱን ስፋት ልለካ ሜትር ይዤ ተመለስኩ። መስኮቱን ለክቼ ስጨርስ እጄ አላርፍ አለና መኝታ ቤቱንም ለካሁት። 2.60 በ2.85። ይኸው ነው መኝታ ቤቱ። 2 ሜትር ርዝመት ያለው አልጋ ብታስገቡ፣ ከግርጌው 60 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው ቁምሳጥን ብታቆሙ፣ በሁለቱ መሃል የሚቀራችሁ 25 ሳንቲሜትር ነው። የቁምሳጥኑ በር አይከፈትም።

ታዲያ ናሙና ቤቱ ውስጥ እንዴት ሰፊ መሰለኝ? አልጋውን ለካሁት። 1.70! ልጅ እንጂ አዋቂ እግሩን ዘርግቶ የሚተኛበት አልጋ አይደለም። ቁምሳጥኑ ደግሞ ጭራሽ በር የለውም፤ መደርደሪያ ነው። ፎቶውም ያው ነው። የስልካችሁን ካሜራ 0.5 ላይ አድርጋችሁ ከክፍላችሁ ጥግ ሆናችሁ አንስታችሁ እዩት፣ የእናንተም ቤት ኳስ ያጫውታል።

ከዚያ ሁሉንም ለካሁ። ሳሎን ከነማብሰያው 17.63፣ መኝታ 7.41፣ መታጠቢያ 3.36፣ መግቢያው 3.19፣ በረንዳ 3.60። ሲደመር 35.19 ካሬ። 52 የተባለው ማለት ነው። ሠራተኛዋን ስጠይቃት ምንም አልደነገጠችም። «የቀረው የጋራ ቦታ ድርሻዎ ነው» አለችኝ። ደረጃው፣ ሊፍቱ፣ ኮሪደሩ፣ የጥበቃ ክፍሉ፣ የግድግዳው ውፍረት ሳይቀር ለየቤቱ ተከፋፍሎ ተደምሯል።

የጋራ ቦታ ወጪ እንዳለው ይገባኛል። ሊፍት በነፃ አይተከልም። ግን ሒሳቡን ሥሩት። ዋጋው በካሬ የተነገረኝ ለ52 ነው። በ35.19 ሳካፍለው በውስጡ የምኖርበት አንዱ ካሬ ከሰማሁት ዋጋ 48 ከመቶ ገደማ ይበልጣል። «በካሬ ርካሽ ነው» ብዬ ከሌሎች ቤቶች ጋር ሳወዳድር የነበረው ሁሉ ከንቱ ነበር።

ይህ ነገር ሌላም አገር ሰውን አማርሯል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው የካሬዝ ሕግ መሠረት የጋራ ሕንፃ ላይ ያለ ቤት ሲሸጥ የውስጡ የተጣራ ስፋት በውል መጻፍ አለበት። በረንዳ አይቆጠርም፣ ጣሪያው ከ1.80 ሜትር በታች የሆነ ቦታም አይቆጠርም። ከ5 ከመቶ በላይ ጎድሎ ከተገኘ ገዢው በአንድ ዓመት ውስጥ ጠይቆ ዋጋ ያስቀንሳል። ህንድም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ አልሚዎች በውስጥ ስፋት እንዲሸጡ አዛለች። እንዲህ ዓይነት ሕግ በሌለበት አገር ሕጉ በእጃችሁ ያለው ሜትር ነው። «52 ካሬ» ሲሏችሁ «የተጣራ ነው ወይስ ከጋራው?» በሉ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

አሁን ወደ ፓርኩ ልምጣ። የባሰው እሱ ነው።

ፓርክ የቤት ዋጋ ይጨምራል የሚባለው ውሸት አይደለም። የኒውዮርክን ሴንትራል ፓርክ ከነደፉት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነው ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድ፣ በፓርኩ ዙሪያ የንብረት ዋጋ እንዴት እንደናረ ራሱ እየተከታተለ አሳይቷል። ግን ያ ፓርክ 341 ሄክታር ነው። የእኔው አሥራ አንድ አግዳሚ ወንበር አለው፤ ቆጥሬዋለሁ። እሱም ይሁን፣ ዛፍ ዛፍ ነው።

ችግሩ ሌላ ነው። በሕንፃውና በፓርኩ መካከል ሃያ ሜትር ገደማ የሚሆን የታጠረ ቁራጭ መሬት አለ። አጥሩ ቆርቆሮ ነው፤ ግን አረንጓዴ ተቀብቶ ቅጠል ተስሎበታል። ከአራተኛ ፎቅ ቁልቁል ሲታይ፣ ፎቶ ላይማ ጭራሽ፣ የፓርኩ አካል ይመስላል። እኔም መስሎኝ ነበር። አጥሩ ሥር ቆሜ ቀለሙ ተልጦ ቆርቆሮውን ሳይ ነው የጠረጠርኩት።

የከተማ ፕላን ሄጄ ጠየቅኩ። ካርታው ላይ ፓርኩ አረንጓዴ ነው። ቁራጯ ግን ሌላ ቀለም ናት፦ ቅይጥ አገልግሎት፣ እስከ ዘጠኝ ፎቅ የሚፈቀድባት። ዘጠኝ! የእኔ መስኮት አራተኛ ላይ ነው። ይህን ለማወቅ የፈጀብኝ አንድ ከሰዓት ብቻ ነበር፤ ከመክፈሌ በፊት ባደርገው ምን ነበረበት?

«ፓርክ ዳር ብላችሁ ሸጣችሁልኝ» ብዬ ስሟገት የፈረምኩትን ወረቀት ገልብጠው በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አሳዩኝ። በብሮሹሩ ላይ ያሉ ምስሎች ለማሳያ ብቻ ናቸው፤ ሻጩ ስለ አካባቢው ኃላፊነት አይወስድም። በቃ። ፓርኩን ዋጋው ላይ ጨምረውታል፣ ውሉ ላይ ግን የለም።

እይታ በሕግ ብዙ ጠበቃ የለውም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1610 አልድሬድ የሚባል ሰው ጎረቤቱ የሠራውን የአሳማ ጋጣ ተቃውሞ ከሷል። ዳኞቹ ስለ ሽታው ፈረዱለት። ስለ እይታ ግን ያሉት፣ ዓይንን ደስ ከማሰኘት ያለፈ ነገር ስላልሆነ ክስ አይመሠረትበትም ነው። ከአራት መቶ ዓመት በኋላም እዚያ አገር መሠረቱ ይኸው ነው። ስለዚህ «እይታው የእርስዎ ነው» የሚላችሁ ሻጭ ካለ የትኛው ወረቀት ላይ እንደተጻፈ ጠይቁት።

ስለ ከፈልኩት ገንዘብም ልንገራችሁ። እኔ ቀብድ መስሎኝ ነበር። የብዙ አገር የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ የሰጠ ሐሳቡን ከቀየረ እንደሚያጣው፣ የተቀበለው ከቀየረ ደግሞ እጥፍ እንደሚመልስ ይደነግጋል። የእኔ ደረሰኝ ላይ የተጻፈው ግን «የማይመለስ የምዝገባ ክፍያ» ነው። ቃሏን አስተዋላችሁ? ቀብድ ቢሉት ኖሮ እነሱንም ያስር ነበር። አሁን የታሰርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ሌላውን ላሳጥረው። ቤቱን ቀን ብቻ አትዩ፤ አንድ የዕረፍት ቀን ማታ ሂዱና የፓርኩን ድምፅ መስኮት ከፍታችሁ ስሙ። ዝናብ ካቆመ በኋላም ሂዱ። ትልልቅ ዛፍ የጋረደው ግድግዳ ፀሐይ ስለማያገኝ ቶሎ አይደርቅም፤ አንድ ግድግዳ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ጥግ ጥጉን አሽትቱት። የጋራ አገልግሎት ክፍያው በ35 ነው ወይስ በ52 የሚታሰበው፣ ጠይቁ (የእኔው በ52 ነበር)። ቤቱ የባንክ ዕዳ ወይም እግድ እንደሌለበትም ከሻጩ አፍ ሳይሆን ከመዝጋቢው መሥሪያ ቤት አረጋግጡ።

እኔ ትቼዋለሁ። ገንዘቡን ለማስመለስ አቤቱታ አስገብቻለሁ፤ እስካሁን መልስ የለም። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ቅጠል የተሳለበት አጥር በአንድ በኩል ተነስቶ የመቆፈሪያ ማሽን ገብቶበታል። ሕንፃው ላይ ያለው ሰሌዳ ግን አልተነሳም። «ፓርክ ዳር፣ የመጨረሻ አንድ ቤት» ይላል።