«ተፈትሿል» የተባለ የመኪና ኮምፒውተር እንዳትገዙ

ጂማ ያላችሁ፣ አሮጌ ሞተር ገዝታችሁ መኪና ለመገጣጠም የምትለፉ ልጆች፣ ይቺን ሳታነቡ ብር እንዳትከፍሉ።

ግቢዬ ውስጥ ከባዶ ሻንሲ ተነስቼ የምገጣጥማት መኪና አለችኝ። ሞተሯ የቶዮታ ፎር ኤ ኤፍ ኢ ነው። የሞተሩን ነዳጅና እሳት የሚያዘውን ኮምፒውተር፣ ማለትም ኢሲዩውን፣ ከነሽቦው ከአንድ ሱቅ በ22 ሺህ ብር ገዛሁ። «ተፈትሿል፣ ገጥመህ ማስነሳት ብቻ ነው» አለኝ ሻጩ። ገጠምኩ። ሞተሪኖው ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም።

ሦስት ሳምንት ለፋሁ። ካንዴላ ቀየርኩ፣ የነዳጅ ፖምፓ ቀየርኩ። አንድ ኤሌክትሪሺያን «የጂማ ዝናብ ገብቶበት ነው» ብሎ ሶኬቶቹን በሙሉ አጽድቶ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ለካ ምልክቱ ከመጀመሪያውም ፊቴ ነበር፤ ቁልፍ ስከፍት የቼክ ኢንጅን መብራት ጭራሽ አይበራም፤ ኮምፒውተሩ ደህና ቢሆን መብራት ነበረበት። በመጨረሻ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ይዤ ቁጭ አልኩ። ባትሪው 12.6 ቮልት፣ ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባው መስመር ደህና፣ ማሳውም (ኔጌቲቩ) ደህና፣ ለሴንሰሮቹ የሚልከው ግን 5 ቮልት መሆን ሲገባው 0.8 ብቻ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ አንድ የተበላሸ ሴንሰር ወይም የተላጠ ሽቦም ቮልቱን እንዲህ ሊጥለው ይችላል። እኔ ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ፣ ከዚያ ሽቦውን ራሱን ከሶኬቱ አወጣሁት። ያው 0.8።

ክዳኑን ፈታሁ። የበሰበሰ ዓሣ የመሰለ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ካፓሲተሮቹ (ቦርዱ ላይ የቆሙት ትንንሽ ጣሳ መሰሎች) ፈሰዋል፣ እግሮቻቸው አረንጓዴ ሆነዋል፣ አጠገባቸው ያለው የቦርዱ መስመር ተበልቷል። ሽቦውንም አየሁት፤ በአዲስ ናስትሮ (የሽቦ ፕላስተር) ተጠቅልሎ ሲያምር፣ ውስጡ ቀይ ከቢጫ በእጅ ተጠማዞ የተያያዘ፣ ብየዳ የሚባል የለውም።

ሱቁ ስመለስ «ራስህ ነህ ያቃጠልከው፣ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተባልኩ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲቀየር ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ይሰጠናል። ግን ደረሰኝ አልያዝኩም፣ ከማን እንደገዛሁ በምን ላስረዳ?

እባካችሁ፣ ሞተር ላይ ተገጥሞ ሲነሳ በዓይናችሁ እዩ። ገጥመን የምናስነሳበት ሞተር የለንም ካሉ ክዳኑ ፊታችሁ ይከፈት፣ ናስትሮውም ይፈታ። የቶዮታ ከሆነ ብዙ ጊዜ በ89661 የሚጀምር ቁጥር ላዩ ላይ አለ፤ ከሞተራችሁና ከካምቢዮው ጋር አመሳክሩ፣ ቁጥሩ ተፍቆ ካገኛችሁት ጥላችሁ ውጡ። ኢሞቢላይዘር (ያለ ራሱ ቁልፍ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚከለክል) ያለው ከሆነ ደግሞ ያለ ቁልፉ አትቀበሉ። ደረሰኝ አልሰጥም ያለም ብራችሁን አያግኝ።

የኔው ክዳኑ እንደተከፈተ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ አለ። ልትገዙ ካሰባችሁ መጀመሪያ መጥታችሁ እዩት፣ ቴስተሬን ይዤ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።