ለሲስተራችን የቀረበ ምስጋና፣ የሆርሞን መርፌ ለሚወስዱ አባቶችም የቀረበ ጥቆማ

ላለፉት ሁለት ዓመታት የሆርሞን መርፌዬን ቤቴ ድረስ እየመጣች ስትሰጠኝና የምርመራ ውጤቴን ስትከታተልልኝ ለቆየችው ነርስ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ እፈልጋለሁ። ስሟ እንዳይጻፍ ስለጠየቀችኝ፣ እኔና ባለቤቴ ቤት ውስጥ እንደምንጠራት «ሲስተር» እያልኩ እቀጥላለሁ።

በ2015 ዓ.ም. የፕሮስቴት ካንሰር እንዳለብኝ ሲነገረኝ የ66 ዓመት ሰው ነበርኩ፤ የፒኤስኤ መጠኔም (የፕሮስቴት ዕጢ የሚያመነጨው፣ በደም ምርመራ የሚለካው ፕሮቲን ማለት ነው) ከፍ ብሎ 38 ደርሶ ነበር። የጨረር ሕክምናውን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ወስጄ ጨረስኩ። ሐኪሜ ግን ሕመሙ የመመለስ ሥጋቱ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ የወንድ ሆርሞን እንዳይመነጭ የሚያደርገው መርፌ እስከ ሦስት ዓመት እንደሚቀጥል ነገረኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ለ31 ዓመታት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁና ነገሩ ለእኔ እንግዳ አልነበረም። ቻርልስ ሀጊንስ የተባለው ሐኪም የወንድ ሆርሞን ሲቀንስ የፕሮስቴት ካንሰር እንደሚሟሽሽ እ.ኤ.አ. በ1941 ማሳየቱንና በ1966 የኖቤል ሽልማት ማግኘቱን ለተማሪዎቼ አስተምር ነበር። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያስተማርኩት ነገር በራሴ ገላ ሲደርስ ግን ብዙ የማላውቀው እንዳለ ተረዳሁ።

ሲስተርን ያገኘኋት ከአንድ አሳዛኝ አጋጣሚ በኋላ ነው። የምወጋው ጎሰረሊን የተባለው የሆርሞን መድኃኒት በየፋርማሲው የሚገኝ አይደለም፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ባለቤቴ አንድ ሳምንት ሙሉ ስትፈልግ ቆይታ ያገኘችውን መርፌ ይዘን ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድን። ባለሙያው ማሸጊያውን ከፈተና እንደ ማንኛውም መርፌ ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ይዞ አየሩን ሊያስወጣ መግፊያውን ተጫነ። በመርፌው ውስጥ ያለው ግን ፈሳሽ አልነበረም፤ የሩዝ ፍሬ የምታህል ጠጣር መድኃኒት ነበረች። እርሷም ወጥታ ወለሉ ላይ ወደቀች። ባለቤቴ ጎንበስ ብላ በመሐረቧ ስታነሣት ያየሁት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ሌላ መርፌ እስክናገኝ ድረስ ቀኔ አለፈ። በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሳለን ነው አንድ የሰፈራችን ሰው፣ በካንሰር ሕክምና ክፍል ለብዙ ዓመታት የሠራች፣ ከሥራ ሰዓቷ ውጭ ደግሞ ቤት ለቤት አገልግሎት የምትሰጥ ነርስ መኖሯን የጠቆመን።

ሲስተር በመጀመሪያው ቀን መርፌውን ከመንካቷ በፊት የሐኪሙን ማዘዣ አነበበች፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እወስድ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ከዚያም ትራስ ደርባ ከወገቤ በላይ ቀና ብዬ እንድተኛ አደረገች። ማሸጊያውን ከፍታ መርፌውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል አድርጋ ያዘችና «ጋሼ፣ እዩአት፤ ፍሬዋ ቦታዋ ላይ ናት» ብላ አሳየችኝ። አየር ለማስወጣት አልሞከረችም። ከእምብርቴ ዝቅ ብሎ ያለውን ቆዳ በአልኮል ጠርጋ፣ ቆንጠጥ አድርጋ ይዛ ወጋችኝ፤ መግፊያውን እስከ መጨረሻው ስትጫነው ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። መርፌው ወፍራም ነውና ያማል፤ እርሷም አያምም ብላ አልዋሸችኝም።

ከሥራዋ ሁሉ ትልቁን ጥቅም ያገኘሁት ግን በቀን አቆጣጠር ነው። እኔ የምወስደው 10.8 ሚሊ ግራም የሆነውን፣ ሰው ሁሉ «የሦስት ወሩ» የሚለውን መርፌ ነው። መድኃኒቱ የሚሰጠው በየ12 ሳምንቱ፣ ማለትም በየ84 ቀኑ ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ሦስት ወር ደግሞ 90 ቀን ነው። በየጊዜው ስድስት ቀን እያሳለፍኩ መኖሬን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ሦስት አሥርት ዓመት ቁጥር ስቆጥር የኖርኩት እኔም አላሰብኩትም። ሲስተር ግድግዳችን ላይ የተሰቀለውን የቤተ ክርስቲያን ካሌንደር አውርዳ ቀኖቹን በቀይ እስክሪብቶ ከበበቻቸው። ከእያንዳንዱ ቀን ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ደግሞ «መድኃኒት ይፈለግ» ብላ ጻፈችበት። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላለፈኝም።

መርፌውን ከጀመርኩ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሌሊት ሌሊት ሰውነቴ ድንገት እየጋለ ያልበኝ ጀመር፤ ጋቢዬን ወርውሬ እቀመጥና ከአፍታ በኋላ ይበርደኛል። ታይፎይድ ነው ብዬ መድኃኒት ልገዛ ስል፣ ይህ ሴቶች የወር አበባ ሲቋረጥባቸው የሚያጋጥማቸው ዓይነት የሙቀት ስሜት መሆኑን አስረዳችኝ። ስሜቱ የሚነሣበትን ሰዓትና ከዚያ በፊት የበላሁትን እንድመዘግብ አደረገች፤ ማታ ማታ የምጠጣው ቡናና በርበሬ የበዛበት ወጥ እንደሚያባብሱብኝ ከራሴ ደብተር አወቅን። ሕክምናው አጥንትን ስለሚያሳሳና የጡንቻ ጉልበትን ስለሚቀንስ፣ በየቀኑ እንድራመድና ውኃ የተሞሉ ባለ ሁለት ሊትር ፕላስቲኮችን እያነሣሁ እንድሠራ አስለመደችኝ። ጾም ሲገባ ወተት ስለማልጠጣ ጎመንና ሰሊጥ ከገበታዬ እንዳይጠፉ ለባለቤቴ ነገረቻት። የአጥንት ጥንካሬ ምርመራና የደም ስኳር ክትትል እንደሚያስፈልገኝ ሐኪሜን እንድጠይቅ ያሳሰበችኝም እርሷ ናት።

አንድ ነገር ለመጻፍ ብዙ አመነታሁ፤ ሌሎች ባልና ሚስትን ይጠቅም ይሆናል ብዬ ግን እጽፈዋለሁ። የሆርሞን ሕክምናው የባልና ሚስት ግንኙነት ፍላጎትን ያጠፋል። እኔ አፍሬ ዝም አልኩ፤ ባለቤቴም በልቧ ሌላ ነገር ታስብ ነበር። ሲስተር ሁለታችንንም አስቀምጣ «እማማ፣ የጋሼ ፍቅር ቀንሶ አይደለም፤ መድኃኒቱ ሆርሞኑን ዘግቶት ነው» ስትላት፣ ባለቤቴ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ያን ዕለት ማታ ከብዙ ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ እኩለ ሌሊት ተጨዋወትን።

የፒኤስኤ ምርመራዬን በተመለከተ ደግሞ ውጤቶቼን ሁሉ ከቀኑ፣ ከላቦራቶሪው ስምና በዚያ ሰሞን ከነበረብኝ ሕመም ጋር በአንድ ደብተር እንድጽፍ አድርጋኛለች። ባለፈው ዓመት ይህ ደብተር ከትልቅ ድንጋጤ አውጥቶኛል። ውጤቴ ለረጅም ጊዜ 0.1 ሆኖ ቆይቶ፣ አንድ ጊዜ መንገድ ስለቀናኝ በሌላ ላቦራቶሪ ብመረመር 0.4 ሆነ። አራት እጥፍ ጨመረ ብዬ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። ሲስተር ወረቀቱን አይታ «ምንም አይደለም» ብላ አላለፈችውም። የትኛው ላቦራቶሪ እንደሆነ፣ በዚያው ሰሞን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይዞኝ እንደነበር ከደብተሩ አየች። የመመርመሪያ መሣሪያዎች ሲለያዩ ቁጥሩ ሊለያይ እንደሚችል፣ ኢንፌክሽንም ሊያስጨምረው እንደሚችል አስረዳችኝ። ከጨረር ሕክምና በኋላ ሕመሙ ተመልሷል የሚባለው በተለምዶ ቁጥሩ ከደረሰበት ዝቅተኛ መጠን በ2 ወይም ከዚያ በላይ ሲጨምር መሆኑንም ነገረችኝ፤ «ነገር ግን እየጨመረ መሄድ አለመሄዱን መወሰን የእኔ ሥራ አይደለም፤ ደብተሩን ይዘው ነገ ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱ» አለችኝ። ሐኪሜ ኢንፌክሽኑ ከታከመ በኋላ በቀድሞው ላቦራቶሪ ከቴስቶስተሮን (የወንድ ሆርሞን) ምርመራ ጋር እንዲደገም አዘዘ። ፒኤስኤው 0.1 ሆኖ ተገኘ፤ ቴስቶስተሮኑም እንደተፈለገው ዝቅ ብሎ ነበር።

የሥራዋን ድንበር ማወቋን ከሁሉ በላይ አከብርላታለሁ። ያለ ሐኪም ማዘዣ መርፌ አትሰጥም፤ ክፍያዋን አስቀድማ በግልጽ ትናገራለች፤ መድኃኒት ራሷ አትሸጥም፤ ባህላዊ መድኃኒት እየወሰድኩ እንደሆነም ሳትቆጣ ጠይቃኝ ለሐኪሜ እንድናገር አድርጋኛለች። ልጄ ከውጭ አገር ሲደውል እንኳ ከእኔ ፈቃድ ውጭ ስለ ሕመሜ አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

ስለዚህ አዲስ አበባ የምትኖሩ፣ ይህን መርፌ የሚወስድ አባት፣ ወንድም ወይም ባል ያላችሁ ሁሉ አገልግሎቷን ብትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እርሷን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ስትጠሯት የሐኪሙን ማዘዣ፣ የመጨረሻውን መርፌ ቀንና እስከ አሁን ያሉትን የምርመራ ወረቀቶች አዘጋጅታችሁ ጠብቋት፤ ማሸጊያውን ግን እርሷ እስክትደርስ አትክፈቱት። ያለፈውን መርፌዬን የሰጠችኝ ጥቅምት 25 ቀን ነው፤ ቀጣዩ ጥር 19 ቀን በካሌንደሩ ላይ በቀይ ተከቧል፤ መድኃኒቱም ተገዝቶ ተቀምጧል።

ሲስተር፣ እኔና ባለቤቴ ከልብ እናመሰግንሻለን። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን።